ላይክና ዲስላይክ ውይይትን እንዴት ይመራሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጥያቄ ጀምረን ወደሚያከራክረው እንሄዳለን፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የድምፅ መስጫ ቁልፍ ስትሉ የትኛውን ነው?

ሰው ለጻፈው ነገር አንድ ቃል ሳትመልሱ የምትፈርዱበትን ቁልፍ ሁሉ። የፌስቡክ አውራ ጣት፣ የኢንስታግራም ልብ፣ በየርዕሱ ሰው የሚወያይበት የሬዲት መድረክ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዩ ቀስቶች፣ የዩቲዩብ ላይክና ዲስላይክ፣ በቴሌግራም መልእክት ሥር የሚደረደሩት ኢሞጂዎች። መልካቸው ቢለያይም ሥራቸው ሁለት ነው። አንዱ ለጸሐፊው ነው፦ «ወደድንልህ» ወይም «ምነው ዝም ብትል» ይሉታል። ሌላው ለማሽኑ ነው፦ «ይሄን ለሌላም ሰው አሳይ» ወይም «ቅበረው» ይሉታል።

እኛ ብዙ ጊዜ የሚታየን የመጀመሪያው ብቻ ነው። ጓደኛችን ደስ እንዲለው ላይክ እንገጫለን፣ እንሄዳለን። ሁለተኛው ሥራ ሳናስበው አብሮ ይሠራል።

መቼ ተጀመረ? ፌስቡክ አይደለም እንዴ ያመጣው?

አይደለም። ፌስቡክ ላይክን ያወጣው በየካቲት 2009 ነው። ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት ስላሽዶት የሚባል በ1997 የተከፈተ የቴክኖሎጂ ዜና መወያያ ነበር። አንባቢው ሲበዛ አስተያየቱን ሁሉ ጥቂት ሰው አንብቦ ማጣራት አቃተው። ስለዚህ ሥራውን ለአንባቢዎቹ አከፋፈሉት። እያንዳንዱ አስተያየት ከ-1 እስከ 5 ነጥብ ያገኛል። ነጥብ የሚሰጠው ሰው ግን ምክንያቱን መምረጥ አለበት፤ አስተማሪ ነው፣ አስቂኝ ነው፣ ነገር ፍለጋ ነው እያለ። የመፍረድ ሥልጣኑም ለሁሉም አልነበረም። ከደንበኛ ተጠቃሚዎች መካከል በዕጣ ለወጣላቸው ጥቂት ነጥብ ይሰጣል፤ ሲያልቅ አለቀ።

ለእኔ ከዚያ ወዲህ ከመጡት ሁሉ ይሄ ይሻላል። ሬዲት በ2005 ሲመጣ ምክንያቱ ቀርቶ ሁለት ቀስት ብቻ ቀረ። ፌስቡክ ደግሞ ወደ ታች የሚያየውን ተወው። ቁልፉ በቀለለ ቁጥር የሚነካው ሰው በዛ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ይበልጥ ደበዘዘ።

ላይክ ስገጭ ከጀርባ ምን ይሆናል?

እያንዳንዱ መድረክ የራሱ ስሌት አለው፤ አብዛኞቹም ይደብቁታል። የሬዲት ግን ኮዱ ለሕዝብ ክፍት በነበረበት ዘመን ስለታየ ጥሩ ማሳያ ነው። ስሌቱ የሚያየው ሁለት ነገር ነበር፤ ድምፅና ሰዓት። ድምፁ እንዳለ አይደመርም። ከ1 ወደ 10 ድምፅ መድረስ፣ ከ10 ወደ 100 ከመድረስ እኩል ይመዝናል። ሰዓቱ ደግሞ እንዲህ ነው፤ ከአዲሱ ፖስት 12 ሰዓት ከግማሽ ያህል ቀድሞ የወጣ ፖስት ከአዲሱ እኩል ለመቆም አሥር እጥፍ ድምፅ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ሥልጣኑ ማን እጅ እንዳለ አስቡት። ዘግይቶ የመጣው መቶኛ ሰው ድምፁ ላባ ነው። መጀመሪያ የደረሱት አምስትና አሥር ሰዎች ግን ፖስቱን ያነሱታል ወይም ይገድሉታል። ብዙኃኑ ፈረደ የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት ስልክ የያዙ ጥቂት ሰዎች ፍርድ ነው።

ታዲያ ቶሎ የጻፈ ሁልጊዜ ያሸንፋል?

ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን በጣም ያግዘዋል። ከላይ ያለ ኮመንት ብዙ ዓይን ያርፍበታል። ብዙ ዓይን ብዙ ላይክ ያመጣል። ላይኩ መልሶ ከላይ ያቆየዋል። ከሦስት ሰዓት በኋላ አጣርቶ፣ አስቦ የጻፈ ሰው ከ400 ኮመንት በታች ይቀመጣል። እዚያ ድረስ የሚወርድ ሰው የለም።

ሬዲት ይሄን ለማቃለል በ2009 «ምርጥ» የሚል አሰላለፍ አመጣ። ሐሳቡ የመጣው ኤድዊን ዊልሰን የሚባል ሰው በ1927 ካወጣው የስታቲስቲክስ ስሌት ነው። አንድ ድጋፍ ብቻ ያለው ኮመንት መቶ በመቶ ተወዷል ማለት ይቻላል፤ ግን አንድ ሰው ምን ምስክር ይሆናል? 50 ድጋፍና 5 ተቃውሞ ያለው ይበልጥ ይታመናል። ስሌቱ ማስረጃ ያነሰውን ዝቅ፣ የበዛውን ከፍ ያደርጋል። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን ግማሽ መድኃኒት። መጀመሪያ የሚያየው ሰው ያጣን ኮመንት የትኛውም ስሌት አያድነውም። ጸሐፊዎችም ነገሩ ገብቷቸዋል። ለዚህ ነው አጭር ቀልድ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው።

ሰው የሌላውን ፍርድ አይቶ ነው እንዴ የሚፈርደው?

አዎ፣ እኛ ከምናምነው በላይ። ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ? ሌቭ ሙችኒክ፣ ሲናን አራልና ሾን ቴይለር በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ሙከራ አለ። ሰዎች ዜና እየለጠፉ በሚወያዩበት መድረክ ላይ ለአምስት ወር 101,281 አስተያየቶችን ተከታተሉ። አንዳንዶቹ ገና እንደተጻፉ፣ ማንም ሳያነባቸው፣ በዕጣ አንድ የድጋፍ ድምፅ ተሰጣቸው። ለአንዳንዶቹ አንድ የተቃውሞ ድምፅ ወጣላቸው። የቀሩት እንዳሉ ተተዉ።

ያቺን አንድ የውሸት ድጋፍ ያገኘ አስተያየት፣ ቀጥሎ ካየው ሰው ድጋፍ የማግኘት ዕድሉ በ32 በመቶ ጨመረ። የመጨረሻ ነጥቡም በአማካይ በ25 በመቶ ከፍ አለ። በተቃውሞ የጀመሩት ግን መጨረሻ ላይ ያን ያህል አልተጎዱም። ሌሎች «ኧረ ይሄማ ግፍ ነው» እያሉ አነሷቸው። የገረመኝ ይሄ ነው። ያለ ጥፋቱ የወደቀን ለማንሳት እጃችን ይዘረጋል። ያለ ሥራው የወጣን ለማውረድ ግን ማንም አይደክምም።

ከዚያ ቀደም በ2006 ደግሞ ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን ማንም የማያውቃቸውን ዘፈኖች አሰሟቸው። ሰዎቹን ለየብቻ በተነጠሉ ቡድኖች ከፈሏቸው። በየቡድኑ የሌላው ሰው ምርጫ ሲታይ አንዱ ጋ አንደኛ የወጣ ዘፈን ሌላው ጋ መሐል ላይ ሊቀር ቻለ። በጣም ጥሩው እምብዛም አይወድቅም፣ በጣም መጥፎውም እምብዛም አይነግሥም። የመካከለኛው ዕጣ ግን የአጋጣሚ ነበር። አብዛኞቻችን የምንጽፈው ደግሞ መካከለኛ ነው፤ አንዋሽ።

ዲስላይክ ማለት «አልስማማም» ማለት ነው?

የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ጋ ነው። ቁልፉ ራሱ ምንም አይጠይቅም። «እውነት ነው ወይ?» አይልም። «በደንብ ተጽፏል?» አይልም። «ትስማማለህ?» አይልም። ጥያቄውን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ልብ ይሞላዋል። አንዱ ሐሳቡን ጠልቶ ይጫናል። አንዱ ሐሳቡን ወዶ አነጋገሩን ጠልቶ ይጫናል። ሌላው ጸሐፊውን ከድሮ ጠብ ያውቀዋል። ሌላው ደግሞ አውራ ጣቱ አዳልጦት ነው። ይሄ ሁሉ ተደምሮ -14 የሚል ቁጥር ይወጣል። ጸሐፊው ቁጥሩን ያይና «ጠሉኝ» ይላል።

ሬዲት ለዓመታት የሚያስተዋውቀው የጨዋነት ደንብ አለው። ስላልተስማማችሁ ብቻ ወደ ታች አትጫኑ፣ ለውይይቱ የማይጠቅመውን ብቻ ነው ይላል። ጣት ግን ደንብ አያነብም። የአንድ ስልክ አድናቂዎች በተሰበሰቡበት ገብታችሁ «ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል» ብላችሁ በትሕትና ጻፉ። እውነት ብትናገሩም ትቀበራላችሁ።

ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚጠያየቁበት ስታክ ኦቨርፍሎው በ2008 ሲከፈት የተሻለ ዘዴ አመጣ። የሰው መልስ ላይ የተቃውሞ ድምፅ ስትሰጡ ከእናንተም አንድ ነጥብ ይቀነሳል። እዚያ ደረጃ ለመድረስም መጀመሪያ 125 ነጥብ ማጠራቀም አለባችሁ። አንድ ነጥብ ምንም አይደለችም። ግን ከኪስ ስትወጣ ሰው ለአንድ አፍታ ቆም ይላል፤ የተፈለገውም ያቺ አፍታ ናት።

ዲስላይክ ባለጌን ሥርዓት ያስይዛል?

ቢያስይዝ ጥሩ ነበር። በ2014 ጀስቲን ቼንግ፣ ክሪስቲያን ዳኔስኩ-ኒኩሌስኩ-ሚዚልና ዩሬ ሌስኮቬች በአራት ትልልቅ የዜና መድረኮች አስተያየት ሰጪዎችን ተከታትለው ያገኙት ተቃራኒውን ነው። ተቃውሞ የበዛበት ሰው አይታረምም። ይልቁንም አብዝቶ ይጽፋል፣ የሚጽፈውም ይብሳል። ከዚያም አልፎ ለሌሎች የሚሰጠው ድምፅ ራሱ ክፉ ይሆናል። ቂሙን ያካፍላል ማለት ነው። ምስጋናም ቢሆን የተጠበቀውን ያህል ሰውን አላሻሻለም።

መድረኩን ጥሎ የሚሄደው ማን ነበር? ምንም ምላሽ ያላገኘው። ይሄን ካወቅሁ ወዲህ ተሳዳቢ ሳይ ዲስላይክ መጫን ትቻለሁ። ዝም ብዬ አልፋለሁ። ለእሱ ዲስላይክም ታዳሚ አለ ማለት ነው።

እንግዲያው ዲስላይክን ጨርሶ ማጥፋት አይሻልም?

ቁልፉ ቢጠፋም ንዴቱ አይጠፋም፤ ሌላ በር ይፈልጋል። ፌስቡክ ዲስላይክ አልሰጥም ብሎ ቆየና በየካቲት 2016 ከላይክ ጎን ፍቅር፣ ሳቅ፣ ግርምት፣ ሐዘንና ቁጣን ጨመረ። በ2017 እነዚህ ስሜቶች በስሌቱ ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ እንዲመዝኑ ተደረገ። ውጤቱን መገመት አያቅትም። ሰው «ይሄ ነገር አናደደኝ» ሲል ማሽኑ «እሺ፣ ለሌላም ላሳይልህ» አለ። የተናደዳችሁበትን ነገር በገዛ እጃችሁ ታሠራጩታላችሁ። የኋላ ኋላ ኩባንያው የቁጣን ክብደት ደረጃ በደረጃ ቀነሰው፤ በ2020 ዜሮ አደረሰው።

ዩቲዩብ ደግሞ መካከለኛ መንገድ መረጠ። በኅዳር 2021 የዲስላይኩን ቁልፍ ትቶ ቁጥሩን ከተመልካች ደበቀ። ምክንያቴ በትንንሽ ቻናሎች ላይ የሚደረግ የዲስላይክ ዘመቻ ነው አለ። ለባለ ቻናሎቹ መልካም ነው። ግን የተበላሸ ዕቃ እንዴት እንደሚጠገን የሚያሳይ ቪዲዮ ስትከፍቱ፣ ዲስላይኩ መብዛቱ «ተጠንቀቁ፣ ይሄ አይሠራም» ይላችሁ ነበር። ያ ምልክት ጠፋ። እኔ ይናፍቀኛል።

ዲስላይክ ጉልበት የለውም የሚል ካለ ደግሞ ኅዳር 2017ን ያስታውስ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የጌም ኩባንያ በሬዲት የሰጠው ማብራሪያ ከ600 ሺህ በላይ የተቃውሞ ድምፅ ወረደበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው። ኩባንያው በጌሙ ውስጥ ያሉ ጀግኖችን ለመክፈት የሚጠየቀውን፣ ተጫዋቾች ያማረሩበትን ዋጋ በ75 በመቶ ቀነሰ። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ ያኛው ትልቅ ኩባንያ ነበር። ያው ዝናብ አንድ ተራ ሰው ላይ ቢወርድ ሌላ ነገር ነው።

ላይክ የምጽፈውን ነገር ራሱ ይለውጠዋል?

ይለውጣል፣ ያውም ሳይታወቃችሁ። በ2021 ዊልያም ብሬዲና ባልደረቦቹ የ7,331 ሰዎችን 12.7 ሚሊዮን ትዊቶች መረመሩ። ቁጣ ያዘለ ነገር ጽፎ ላይክና ሪትዊት የጎረፈለት ሰው፣ ቀጥሎም ቁጣ የመጻፍ ዕድሉ ጨመረ። ጭብጨባው ይበልጥ የሚለውጣቸው ደግሞ ጽንፍ የያዙትን አልነበረም። በለዘብተኛ ሰዎች መካከል ያሉትን ነበር። ጽንፈኛው እኮ ድሮም ቁጡ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ አንድ የተሳሳተ መረጃ ሲዘዋወር አይቼ ሁለት ሰዓት ፈጅቼ ማስተካከያ ጻፍኩ። ሦስት ላይክ። አንዱ የእህቴ ነው። በማግስቱ ስለዚያው ነገር የአንድ መስመር ሽሙጥ ጻፍኩ፤ ስልኬ እስኪሞቅ ላይክ ጎረፈ። ለሦስት ወር ያህል ሽሙጥ ብቻ ስጽፍ ከረምኩ። ማንም አላስገደደኝም። ቁጥሩ ዝም ብሎ መንገዱን አሳየኝ፣ እኔም ተከተልኩ።

ቁጥሩን መደበቅ ይረዳል?

ምኑን ነው የምትደብቁት? ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ቁጥሩን መደበቅ አንድ ነው። ሀከር ኒውስ የሚባለው የቴክኖሎጂ ዜና መወያያ ከ2011 ጀምሮ የኮመንት ነጥብን ለጸሐፊው ብቻ ያሳያል። ሌላው አንባቢ የሚያየው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ተቃውሞ የበዛበት ኮመንት ደግሞ ቀለሙ ይደበዝዛል። ኢንስታግራምም ከ2021 ጀምሮ የላይክ ቁጥርን መደበቅ ለፈለገ ፈቅዷል። ሁለተኛው ለጊዜው መደበቅ ነው። በሬዲት የየክፍሉ አስተዳዳሪዎች የአዲስ ኮመንት ነጥብ ለተወሰነ ጊዜ እንዳይታይ ማድረግ ይችላሉ። ያቺ የመጀመሪያዋ የውሸት ላይክ የምትሠራው ሰው ሲያያት ስለሆነ፣ እኔ የምመርጠው ይሄኛውን ነው።

ሦስተኛው ማን እንደተጫነ መደበቅ ነው። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) በሰኔ 2024 ሰው ምን ላይክ እንዳደረገ ለሌሎች እንዳይታይ አደረገ። እዚህ ጋ የሚነካው ይሉኝታ ነው። ስም ሲታይ አንዳንዱ የልቡን ላይክ አያደርግም፣ አንዳንዱም ለወዳጅነት ሲል ከአንገት በላይ ያደርጋል። ስም ሲደበቅ ሁለቱም ይቀንሳሉ። በዚያው ልክ ግን ሰው በአደባባይ የሚያፍርበትን ነገር በስውር ከፍ ያደርጋል።

ላይክ ይገዛል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ፌክ አካውንትና ቦት፣ ማለትም እንደ ሰው ቁልፍ የሚጫን ፕሮግራም፣ ደርድረው የሚሸጡ አሉ። መድረኮቹ ያጠፋሉ፣ እነሱ ይተካሉ። ሬዲት ለዚህ ሲል የሚያሳየውን ቁጥር ሆን ብሎ ትንሽ ያወላግደዋል፤ ቦት የላከ ሰው ድምፁ መቆጠር አለመቆጠሩን እንዳያውቅ። ስለዚህ ገጹን ስታድሱ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ቢል ዓይናችሁን አትጠርጥሩ።

ብዙ ድምፅ ያገኘ መልስ ትክክል ነው ብዬ ልመን?

እንደ ጥያቄው ነው። ሞክሮ ማረጋገጥ በሚቻል ነገር፣ ለምሳሌ በኮድ ስህተት ላይ፣ ድምፁ ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። መልሱ ካልሠራ ሰው ተመልሶ ይናገራል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ድምፅ ይጠራቀማል እንጂ አያረጅም። ከአሥር ዓመት በፊት ትክክል የነበረ መልስ ሺህ ድምፁን ይዞ ከላይ ይቀመጣል፤ የዘንድሮው ትክክለኛ መልስ በ12 ድምፅ ከታች አለ። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት ቀኑን እዩ።

በሕክምና፣ በሕግ፣ በታሪክ ጉዳይ ደግሞ ድምፁ የሚነግራችሁ የትኛው መልስ ደስ እንዳለ ነው። በእርግጠኝነት የተጻፈ መልስ ደስ ይላል። «እንደ ሁኔታው ነው» የሚል ባለሙያ ደስ አይልም።

የሚቃረኑ ሰዎች ያሉበት ውይይት ላይ ድምፅ ከመንጋ ፍርድ ሊያልፍ ይችላል?

ጥያቄው ከባድ ነው፤ ግን ሁለት የማከብራቸው ሙከራዎች አሉ። አንደኛው ስለ አስተሳሰብ የሚወያዩበት የሌስሮንግ መድረክ ነው። በ2022 ቁልፉን ለሁለት ከፈለው። አንዱ «ይሄ ኮመንት መነበብ ያለበት ነው ወይ?» ይላል። ሌላው «ትስማማለህ ወይ?» ይላል። ስለዚህ «አልስማማም፣ ግን ጥሩ አስበሃል» ማለት ተቻለ። በአብዛኛው መድረክ ለዚህ ቁልፍ የለም፤ ሰው ለሰው ሊል ከሚችለው ደግ ነገር አንዱ ይሄ ሆኖ ሳለ።

ሁለተኛው ኤክስ ላይ ያለው የማኅበረሰብ ማስታወሻ ነው። በጥር 2021 በርድዋች በሚል ስም ጀመረ። አሳሳች ፖስት ሥር ማስታወሻ የሚወጣው ብዙ ሰው ስለደገፈው አይደለም። በሌላ ጊዜ ድምፃቸው የሚቃረን ሰዎች እዚህ ላይ ሲገናኙ ነው። የአንድ ወገን አሥር ሺህ ሰው ቢሰለፍ ብቻውን አያወጣውም። ጉድለቱ መዘግየት ነው። ተቃራኒዎች እስኪስማሙ ውሸቱ አገር ዞሮ ይመለሳል። በጣም በተካረረው ጉዳይ ላይ ደግሞ ጨርሶ ሳይስማሙ ይቀራሉ።

የግሩፕ አድሚን ነኝ። ቁልፉን ላጥፋው?

ግሩፑ ምን ይሠራል? ሃምሳ ሰው የሚጨዋወትበት ከሆነ ኢሞጂ አይጎዳም፤ እንዲያውም «እሺ፣ አየሁት» የሚል መቶ መልእክት ያስቀራል። የሚከራከሩበት ከሆነ ግን ቴሌግራም የትኞቹ ኢሞጂዎች እንደሚፈቀዱ አድሚኑ እንዲመርጥ ስለሚፈቅድ፣ የሚያሾፉትን አውጡ። ሳቂው ፊት ከአውራ ጣት ወደ ታች የበለጠ ይወጋል። ሌሚ በሚባለው ክፍት መድረክ ደግሞ ሰርቨሩን የያዘው ሰው የተቃውሞውን ቀስት ማጥፋት ይችላል፤ አጥፍተው የሚሠሩ አሉ።

ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ሌላ ነገር ሞክሩ። ማንም ያልመለሰላቸውን መልእክቶች በየማታው ፈልጉና ለሁለት ሦስቱ በቃል መልሱላቸው። ላይክ አይደለም፣ መልስ። ለተሳዳቢው ስብሰባ ከመጥራት ይሄ ይቀላል። ሌላው እንኳ ቢቀር፣ ጽፎ መልስ ያጣው ሰው ግሩፑን ጥሎ ሳይወጣ ትደርሱበታላችሁ።